ሦስት ኮከብ

ገንት ናት ከተማው፣ ቦይ የከፋፈላት፣
ከገነት አንድ ፊደል ብቻ የነጠላት።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሊቨን የቦዩን በር
ሲዘጋ፣ ሲከፍት፣ ጀልባ ሲያሻግር፣
ጡረታ ሲወጣ መዝገቡን ይዞ ወጣ፤
ግማሹ ባዶ ነበር፤ ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልተቆጣ።

አሁን የሚያድነው የኪስ ሰዓት ሆኗል፣
የባቡር ሰው ሰዓት፤ ሠላሳ አንድ ሞልቷል፣
በብስኩት ቆርቆሮ ጥጥ ላይ አስተኝቶ፤
አንዱም አይቆጥርም፣ ቢያናውጠው ከቶ።

ኦስተንድ ያለ አንድ ሻጭ ማታ ማታ ያወጣል፤
ክዳኑ ላይ ባቡር የተቀረጸበት ሲያይ ሊቨን ይነቃል።
አርባ ዩሮ አለ።
አርባ ሁለት አለ ሌላው።
ሃምሳ።
ሃምሳ ሁለት።
ስሙ ተሸፍኗል፦ በፊት «ረ»፣ ሦስት ኮከብ፣ ከዚያ «ት»።
ሰባ።
ሰባ ሁለት።
ሊቨን በልቡ የያዘው ሰማንያ ነበር፤
ኮከቡ ሰባ ስምንት ላይ ዝም አለ፤ ደህና እደር።

«ኮከባችን አልገጠመም» አለ ሊቨን ለድመቱ፤
«ግን ለምን ሁልጊዜ ከጣሪያዬ ሥር ነው መቅረቱ?»

መዝገቡን አወጣ፤ ባዶውን ገጽ ገለጠ፤
ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ እንደ ጀልባ ቁጥር አስቀመጠ።
አሥራ ዘጠኝ ጨረታ፤ አሥራ ዘጠኙም የአንዱ ሻጭ፤
ኮከቡ ሌላ ቤት አይረግጥም፣ የአንድ ደጅ ቀላዋጭ።
ሲሸነፍ ይሸነፋል፤ ቀንቶት ያሸነፈ ለታ
ዕቃው በአሥራ አምስት ቀኑ ይመለሳል ለጨረታ፤
«ገዢው ሐሳቡን ቀየረ» ይላል፣ በትንንሽ ፊደል።

ሊቨን የውሃ ሰው ነው። ውሃ ያለ ሰው ከፍ አይልም፤
ተሳፋሪው ሻይ ይጠጣል፤ መነሣቱም አይሰማውም፤
ግን ከታች፣ ከጭቃው አጠገብ፣ የብረት ሽንቁር አለ፤
አንድ ሰው ዘውሩን አዙሮ ነው ጀልባው ከፍ ያለ።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ወጥመዱን አጠመደ፤
ሰዓት የሌለው ሰንሰለት፣ ሦስት ዩሮ የማያወጣ፣ ዝገት የለመደ።
መቶ አለ።
መቶ ሁለት።
መቶ ሰባ አለ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፤ የወር የጋዝ ሒሳቡ ነው።
አንድ ደቂቃ ቀረ። ሠላሳ ሰከንድ።
መቶ ሰባ ሁለት።
ሊቨን እጁን ሰበሰበ፤ ድመቱን አቀፈ፤
ኮከቡ በገዛ ገመዱ ዝገት አሸነፈ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሰንሰለቱ ተመልሶ መጣ፤
ያው ፎቶ ነው፤ ቀርቦ ሲያየው
ከነሐሱ ውስጥ ፕላስተር የለበሰ አውራ ጣት ወጣ።
ከዚያ ሰው ያየው ይህን ብቻ ነው።

አቤቱታ ጻፈ፣ መዝገቡን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ፤
«አቤቱታዎ ደርሶናል» ተባለ፤ ጸሐፊው ስሙን ትቶ።
በጥቅምት ሻጩ ጠፋ፤ ሱቁ ከነመደርደሪያው ባዶ፤
ኮከቡም አብሮት ከሰመ፤ ማን ያውቃል ወዴት ነጉዶ።

ኅዳር ላይ ሌላ ሰዓት፣ ከሌላ ሻጭ፣ ከአንትወርፕ።
ሃያ አለ ሊቨን።
ጠበቀ።
ሃያ ሁለት የሚል የለም።
ቦዩ ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ድመቱ ተኝቷል፣
የታችኛው ፎቅ ቴሌቪዥን እንኳ ጠፍቷል።
«በል እንጂ» አለ ለመስኮቱ፣ ቁልፉን እየነካካ፤
ሌሊቱን አብሮት የሚያመሸው ያ ሌባ ነበር ለካ።

በሃያ ዩሮ አሸነፈ። እንኳን ደስ አለዎ ተባለ።
የተጫራቾቹን ዝርዝር ከፈተ፤ አንድ መስመር ብቻ አለ፦
በፊት «ሊ»፣ በኋላ «ን»፣
መካከሉ ላይ፣ ሰውየው ሊኖር በሚገባበት፣
ሦስት ኮከብ።

ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠራቸው።
መዝገቡን ስቦ ቀኑን ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ሃያ ብሎ ጻፈ፤
የተጫራቹ ስም ጋ ሲደርስ
ብዕሩን አነሣ።